ስለ ናፍጣ መኪና ዘይት መፍሰስና በግቢ ውስጥ ስለሚደረግለት ጥበቃ

በቅሎ ያለው ሰው ማለዳ ተነሥቶ ጀርባዋን ሳይዳብስ፥ ኮቴዋንም አንሥቶ ሳያይ አይጭናትም። ዋጋው ከብዙ በቅሎ የሚበልጠውን መኪና ግን አብዛኛው ሰው ቁልፉን ከማዞር በቀር ምንም ሳይመለከት ይነሣበታል። ከሥሩ ዘይት ሲንጠባጠብ ቢያይም «ያረጀ መኪና ማንጠባጠቡ አይቀርም» ብሎ በላዩ እየጨመረ ይነዳዋል። ይህ አሳብ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ለክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ እንደዚሁም የመንግሥት ወይም የግል የናፍጣ መኪና በእጃቸው ላለ ሁሉ ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፥ ያለውን አበላሽቶ ሌላ መተካት ቀላል አይደለም። በገጠር ሥራ ላይ አዘውትረን የምናየው ሃርድቶፕ የሚባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ይህ ዓይነቱ መኪና በ1977 ዓ.ም. መሠራት ጀመረ፤ ከ1982 ዓ.ም. ወዲህም ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር የሆነ፥ ዋን ኤች ዜድ የሚባል የናፍጣ ሞተር ይገጠምለት ጀመር። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው፥ ናፍጣውንም ያለ ኮምፒዩተር በፖምፓ ብቻ የሚረጭ ስለሆነ፥ አስተዋይ ባለቤት ብዙውን ጥበቃ በግቢው ሊያደርግለት ይችላል። በሆዱ የሚይዘው ዘይት ከ9 ሊትር በላይ ነው። ይህም ብዛት ራሱ ሰውን ያዘናጋል፤ ሁለት ሊትር ቢጎድል የሞተሩ ድምፅ አይለወጥምና።

እኛ በምንኖርበት በአዲስ አበባ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጎፋ ሰፈር፥ መኪና በሚቆምበት በየደጁ በንጣፍ ድንጋዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ማየት የተለመደ ነው። ነጠብጣቡ ግን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማንበብ ለሚችል ሰው እንደ ጽሕፈት ነው። ማታ መኪናው ሲቆም ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር፥ ጧትም ነጠብጣቡ ከየትኛው ክፍል በታች እንዳረፈ ማየት ይገባል። ጥቁርና ቀጭን የሆነው የሞተር ዘይት ነው። ወፍራምና እንደ ድኝ የሚሸት የሆነ እንደሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ውሃ ውሃ የሚል፥ ጣፋጭም ሽታ ያለው፥ የራዲያተር ውሃ ነው፤ መርዝ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ እንዳይቀምሰው ወዲያው ይታጠብ። ናፍጣን ለማወቅ ሽታው ይበቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው በጎማው አጠገብ የሚታይ የጠራ ቅባት ነው፤ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይመረመር ከግቢ አይውጣ።

የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ለማየት መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት። የአዲስ አበባ መሬት ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚያዘነብል ስለሆነ ብዙው የጎፋ ደጃፍ ተዳፋት ነው፤ በተዳፋት ላይ የተለካ ዘይት ሳይጎድል የጎደለ፥ ጎድሎም ሳለ የሞላ ይመስላል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከጥቀርሻ የተነሣ ቶሎ ስለሚጠቁር መጥቆሩ ብቻ አያስደንግጥ። ወተት እንደ ገባበት ቡና መስሎ ቢገኝ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት ደግሞ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው።

የሚፈስበትን ቦታ ለማግኘት አስቀድሞ ሞተሩን ከጭቃና ከአሮጌ ዘይት ማጠብ፥ ከዚያም ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ መመልከት ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞም ጊዜ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ምንጩ ከረጠበው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የሚቀርበው እንጂ የሚንጠባጠብበት አይደለም። ቦታው አልለይ ቢል የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ ማየት ይረዳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን፥ ወይም በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት በሚያግደው ፓራዮሊዮ በሚባለው ጎማ ላይ ነው። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ጎማ ስለሆነ ብሎኑን በኃይል ማጥበቅ ይጨፈልቀዋል እንጂ አያድነውም። በቆሸሸ ብረት ላይ ሲሊኮን መለጠፍም ለአንድ ሳምንት ነው። ደግሞም የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ እንደሆነ በውስጡ የታመቀው ትንፋሽ ደኅናውን ፓራዮሊዮ ሁሉ ይገፋዋልና፥ አዲስ ከመግዛት በፊት መተንፈሻውን መጥረግ ይቀድማል። ይህን ሥራ የሚረሱ መካኒኮች ጥቂት አይደሉም።

ከሞተሩ ይልቅ የሚዘነጋው የኋላውና የፊቱ ዘንግ ነው። በሰፈራችን የሚገኝ አንድ ሃርድቶፕ የኋላ ጎማው ከውስጥ በኩል ረጥቦ ለብዙ ጊዜ ሲሄድ ኖረ፤ ሾፌሩም ነገሩን የጭቃ ውሃ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። ጎማው በተፈታ ጊዜ የዲፈረንሻል ዘይት በሞዞው ፓራዮሊዮ በኩል አልፎ የፍሬኑን ሸራ አርሶት ተገኘ። ምክንያቱም በዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ መደፈኗ ነበር። ይህ መኪና ወደ ጎጃም ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዘይት የራሰ ሸራም ሲግል አይይዝም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ አይድንምና ከፓራዮሊዮው ጋር በአዲስ መለወጥ አለበት።

ይህች መተንፈሻ በወንዝ በሚያቋርጡ ወረዳዎች ሌላ ጥፋት ታመጣለች። በጉዞ የጋለ ዘንግ በቀዝቃዛ ወንዝ ሲጠልቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ መተንፈሻዋ ተደፍና እንደሆነ ዘንጉ በፓራዮሊዮው በኩል ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ነጣ ይላል፤ ኩሽኔታውን ዝገት ይበላዋል። የፊቱ ጎማ መታጠፊያ በግሪስ የሚሠራ ነው፤ ግሪሱ ቀጥኖ እንደ ሾርባ በውጭ ቢወርድ የውስጡ ፓራዮሊዮ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሾፌሮች ጎማ በሚለውጡበት ጊዜ ይህን እንዲያዩ ማዘዝ ይገባል።

በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ድንጋይም ሊፈረከስ ይችላልና የብረት መደገፊያ ይደረግ፤ በተዳፋት ላይም ሥራው ፈጽሞ አይጀመር። ዘይት የሚወርደው ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ ነው እንጂ የፈላ ዘይት እጅ ይልጣል። በአቧራና በዳገት ለሚሠራ ሃርድቶፕ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱንና ፊልትሮውን አብሮ መለወጥ ደኅና ልማድ ነው። በመኪናው መዝገብም ነዳጅ እንደሚጻፍ ሁሉ የተጨመረው ዘይት ከነኪሎ ሜትሩ ይጻፍ። የዘይት መብራት በመንገድ ላይ የበራ እንደሆነ «እስከ ከተማ እንድረስ» ሳይባል ሞተሩ እዚያው ይጥፋ።

የወረደው ዘይት ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ በተለይ ይህን መጽሔት የሚነካ ነው። በደጅ ወይም በቦይ የተደፋ ዘይት ክረምት ሲመጣ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ዳር ጎመንና ሰላጣ በወንዙ ውሃ እየለማ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው በመጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ብረት የተፋቀ ማዕድንና በቃጠሎ የተፈጠረ መርዝ አለበት። በገጠርም አንዳንድ ሰዎች የተቃጠለ ዘይት ለመዥገርና ለእከክ ብለው ከብት ይቀባሉ። ይህ መከልከል አለበት፤ ዘይቱ የከብቱን ቆዳ ያቆስላል፥ ከብቱም ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል። ለመዥገር የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። የቀቢው እጅም ቢሆን ከዚሁ ዘይት ጋር ዘወትር ሲነካካ ለቆዳ ነቀርሳ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የወረደው ዘይት ክዳኑ በሚገጥም ጀሪካን ተጠራቅሞ፥ ናፍጣም ውሃም ሳይቀላቀልበት፥ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ። በድንጋዩ ላይ የፈሰሰው ደግሞ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አፈር ነስንሰውበት እስኪመጥጠው ጠብቀው ይጥረጉት እንጂ በውሃ አይጠቡት።