የወደዱትን ጥበብ እንጀራ ስለ ማድረግ፤ በእስፓኝ አገር የፍላሜንኮ ጭፈራ አስተማሪዎች ነገር

ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር አለው። አንዱ ፈረስ፥ አንዱ መጽሐፍ፥ አንዱ ዜማ ይወዳል። ነገር ግን የተወደደ ነገር ሁሉ እንጀራ አይሆንም፤ እንጀራ የሆነውም ሁሉ እንደ ተወደደ አይኖርም። ብዙ አባቶችና እናቶች ልጃቸው ሥዕልን ወይም በገናን ወይም ጭፈራን ከሌላው ትምህርት አብልጦ ሲወድ ባዩ ጊዜ «ይህ ልጅ ወደ ፊት በምን ይኖራል?» እያሉ የሚጨነቁት ስለዚሁ ነው። ጭንቀታቸውም የሚናቅ አይደለም። ይህን ነገር በምሳሌ ለመመልከት ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናምጣ። ይኸውም በእስፓኝ፥ ዛሬ ብዙ ሰው ስፔን በሚላት አገር፥ ፍላሜንኮ የሚባለውን ጭፈራ በማስተማር ቤታቸውን ያቆሙ ሰዎች ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፍላሜንኮ የተወለደው በእስፓኝ ደቡብ፥ አንዳሉሲያ በሚባለው አውራጃ፥ ይልቁንም በሴቪያ፥ በካዲስና በሄሬስ ከተሞች ነው። በዚያ አገር ጂታኖ የሚባል፥ የጥንት አባቶቹ ከህንድ ተነሥተው ከብዙ ዘመን ጉዞ በኋላ አውሮጳ የደረሱ ሕዝብ ይኖራል። ፍላሜንኮም ከእነዚህ ሰዎችና ከአንዳሉሲያ ድኾች ጉሮሮና እግር የወጣ ጥበብ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ እነርሱም ዘፈኑ፥ የጊታሩ ምትና ጭፈራው ናቸው። የጨፋሪው ጫማ በጣቱና በተረከዙ በኩል ከሥሩ ምስማር ስለ ተመታበት እግሩ ራሱ እንደ ከበሮ ይሰማል። እጁ ግን ጥጥ እንደምትፈትል ሴት እጅ በዝግታ ይዞራል።

ምቱም ሕግ አለው፤ ሕጉን ኮምፓስ ይሉታል። ሶሌያ በሚባለው የጭፈራ ዓይነት አንዱ ዙር 12 ምት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ 3ኛው፥ 6ኛው፥ 8ኛው፥ 10ኛውና 12ኛው ጠብቀው ይመታሉ። ይህን ቍጥር በማጨብጨብ ያላጠና ተማሪ እግሩ ምንም ፈጣን ቢሆን ከዘፋኙና ከጊታር መቺው ጋራ ሊስማማ አይችልም። በ2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ፍላሜንኮን ከሰው ልጅ ቅርሶች መካከል ቈጥሮ መዝግቦታል።

በቀድሞ ጊዜ ይህ ጥበብ በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም፤ ከእናት ወደ ልጅ፥ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ በቤት ውስጥ ይወርድ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ያረፈችው ታላቋ ጨፋሪ ካርሜን አማያ በባርሴሎና ከተማ በባሕር ዳር፥ ሶሞሮስትሮ በሚባል የድኾች ጎጆ ሰፈር ያደገች ጂታና ናት። አባቷ ጊታር እየመታ፥ እርስዋ ገና ሕፃን ሳለች በየመጠጥ ቤቱ እየጨፈረች ቤተ ሰቧን ትረዳ ነበር፤ በኋላም ስምዋ እስከ አሜሪካ ድረስ ተሰማ። ካርሜን አማያ ለትምህርቷ ለማንም ዋጋ አልከፈለችም፤ አስተማሪዋ ቤትዋ ነበር። ነገር ግን በእንደዚህ ያለ ቤት ያልተወለደ፥ ጥበቡንም በልቡ የወደደ ሰው ወዴት ይሂድ? የጭፈራ ትምህርት ቤት የዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ተገኘ።

በሴቪያ ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ የጭፈራ አስተማሪዎች አዳራሽ ነበራቸው። በቀን ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፤ በማታ ደግሞ የከተማውን ጭፈራ ሊያዩ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ለሚመጡ መንገደኞች በዋጋ ያሳያሉ። ጂታኖዎችንም ወደ አዳራሹ እየጠሩ ያስጨፍሩ ስለ ነበር የትምህርት ቤቱ ጭፈራና የጂታኖዎቹ ጭፈራ አንዱ ከሌላው ተማረ። ኋላም ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ የተባለው ዘፋኝ በ1881 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራ የዘፈን ቡና ቤት በሴቪያ ከፈተ፤ በእንደዚህ ያሉ ቤቶችም ዘፋኝና ጨፋሪ ደመወዝ ተቀባይ ሆነ። ሆሴ ኦቴሮ የተባለው የሴቪያ አስተማሪ ደግሞ በ1912 ዓ.ም. ስለ ጭፈራ ዓይነቶች ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። በቃልና በዓይን ብቻ ይተላለፍ የነበረውን ነገር በመጻፉ የጭፈራ አስተማሪም እንደ ሌላው አስተማሪ ባለ ዕውቀት መሆኑን አሳየ።

ከእነዚህ አስተማሪዎች ሁሉ ይልቅ ለእኛ ነገር ምስክር የሚሆነው ግን ኤንሪኬ ኤል ኮሆ ነው። ኤል ኮሆ ማለት በቋንቋቸው አንካሳው ማለት ነው። ይህ ሰው በ1912 ዓ.ም. ካሴሬስ በሚባል ከተማ ተወልዶ በሴቪያ አደገ። በልጅነቱ በያዘው ደዌ ምክንያት እግሩ አነከሰ። ጭፈራ ለሚወድ ልጅ ከዚህ የባሰ ምን መከራ ይመጣበታል? አንካሳ ልጅ ጨፋሪ እሆናለሁ ቢል ሰው ይስቅበታል፤ ዘመድም ሌላ ሥራ ፈልግ ይለዋል። እርሱ ግን ጥበቡን አልተወም። እግሩ የከለከለውን በክንዱና በትከሻው ፈለገ፤ የክንዱም አወጣጥ በሴቪያ ሁሉ የታወቀ ሆነ። ከዚህም በኋላ በዚያው ከተማ አስተማሪ ሆኖ በ1985 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በዚህ ሥራ ኖረ።

ወደ እርሱ የመጡት ተማሪዎች ከየወገኑ ነበሩ። ማኑዌላ ቫርጋስና ክሪስቲና ኦዮስ፥ ሁለቱም በኋላ በዓለም የታወቁ ጨፋሪዎች፥ ከእርሱ ተምረዋል። ከእስፓኝ ታላላቅ መኳንንት ቤቶች አንዱ የሆነው የአልባ ቤት ባለቤት የነበሩት ዱሼስ ካዬታናም (ከ1926 እስከ 2014 ዓ.ም. የኖሩት) የእርሱ ተማሪ ነበሩ። የድኻ ልጅና የመስፍን ልጅ በአንድ አስተማሪ ፊት ቆመው በአንድ ቍጥር ማጨብጨባቸው የጥበብን ክብር ያሳያል። በዚህ ሰው ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር፥ መጨፈርና ማስተማር ልዩ ልዩ ሙያ መሆናቸውን ነው። ጨፋሪ የሚያቀርበው የገዛ አካሉን ነው፤ አስተማሪ ግን የሚያቀርበው ዓይኑን፥ ትዕግሥቱንና የሌላውን ሰው ጉድለት ማረም መቻሉን ነው። አካል ያረጃል፤ ይህኛው ሀብት ግን ከዕድሜ ጋራ ይጨምራል።

የተማሪዋም ፍጻሜ ይህንኑ ያጸናል። በ1946 ዓ.ም. በሴቪያ የተወለደችው ክሪስቲና ኦዮስ አንቶኒዮ ጋዴስ ከተባለው ታላቅ ጨፋሪ ጋራ ብዙ ዘመን ጨፍራለች፤ ካርሎስ ሳውራ በ1981፥ በ1983ና በ1986 ዓ.ም. ባወጣቸው ሦስት የፍላሜንኮ ፊልሞችም ታይታለች። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በተወለደችበት ከተማ የፍላሜንኮ ጭፈራ ቤተ መዘክር አቋቁማለች፤ በዚያም እንግዳ ታሪኩን ያያል፥ ጭፈራውን ይመለከታል፥ የወደደም ገብቶ ይማራል።

አሁን ደግሞ ወደ ኑሮው ሂሳብ እንምጣ፤ ምክንያቱም ፍቅር ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። የጨፋሪ የመድረክ ዕድሜ አጭር ነው፤ ጕልበትና ወገብ ቀድመው ይደክማሉ። ስለዚህ አስተዋይ ጨፋሪ ገና ጕልበቷ ሳለ ማስተማርን ትጀምራለች። ትምህርት ቤት ስትከፍትም በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ወለል ነው። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ ምስማር ባለው ጫማ የሚመታ ሰው ጕልበቱን ስለሚጎዳ ወለሉ ከበታቹ ክፍት የሆነ የእንጨት ርብራብ መሆን አለበት። ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። የሃያ ሰው ተረከዝ አንድ ጊዜ ሲመታ በታች ያለው ቤት ይናወጣል፤ ስለዚህ ቤት ሲመረጥ ከውበቱ በፊት ከታችና ከጎን ማን እንደሚኖር መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛው የጊታር መቺውና የዘፋኙ ዋጋ ነው። ከመቅረጫ በሚሰማ ዜማ ማስተማር ወጪው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ፍላሜንኮ ጨፋሪውና ዘፋኙ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት ጥበብ ስለ ሆነ ሕያው ድምፅ ያልሰማ ተማሪ እኩሌታውን ብቻ ተምሮ ይወጣል።

የተማሪዎቹም ዓይነት አንድ አይደለም። እናቶቻቸው የሚያመጧቸው ሕፃናት አሉ፤ ከሥራ በኋላ ድካማቸውን ለመርሳት የሚመጡ አሉ፤ ለሁለት ሳምንት ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶችም አሉ፤ ለመድረክ የሚዘጋጁት ግን ጥቂቶች ናቸው። በሴቪያ ደግሞ በ1847 ዓ.ም. የተጀመረ፥ በየዓመቱ በጸደይ ወራት የሚደረግ ትልቅ የገበያ በዓል አለ። በዚያ በዓል ሕዝቡ ሁሉ ሴቪያናስ የሚባለውን፥ አራት ክፍል ያለውን የጥንድ ጭፈራ ይጨፍራል። በዓሉ ሲቀርብ የማይችሉት ሁሉ ለመማር ይሯሯጣሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ ይበተናሉ። ዐዋቂ አስተማሪ ይህን ቀላል ጭፈራ አትንቀውም፤ እንደ ገበሬ በመከር ጊዜ የሰበሰበችውን ለክረምት ታኖራለች፤ ለጥቂቶቹ ታላላቅ ተማሪዎቿም የምትደክመው በዚሁ ስንቅ ነው።

የራስዋ ቤት የሌላትም ተስፋ አትቈርጥም። በማድሪድ ከተማ አሞር ዴ ዲዮስ የሚባል፥ በ1953 ዓ.ም. የተመሠረተ ስመ ጥሩ የጭፈራ ቤት አለ፤ ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከነበረበት መንገድ ስም ነው። ኋላም ለብዙ ዓመታት ከአንቶን ማርቲን የገበያ አዳራሽ በላይ ሆኖ ከታች ሥጋና አትክልት ሲሸጥ ከላይ ተረከዝ ይመታ ነበር። በዚህ ቤት አስተማሪዎች አዳራሽ በሰዓት እየተከራዩ የየራሳቸውን ተማሪ ያስተምራሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ በሁለት ሰዓት ኪራይ የጀመረ ሰው ከጊዜ በኋላ የራሱን በር ሊከፍት ይችላል። እስፓኝ መጥተው ከተማሩት ጃፓናውያንም ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርት ቤት ስለ ከፈቱ ዛሬ በጃፓን ያለው የፍላሜንኮ ተማሪ እጅግ ብዙ ነው።

ነገር ግን ይህን ሥራ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። «ከሐዘንና ከችግር የወጣ ጥበብ በሰዓት ተመትሮ ሲሸጥ ነፍሱን ያጣል፤ ጂታኖዎቹ የፈጠሩትን ሌላው ይነግድበታል» ይላሉ። ይህ ነቀፋ እውነት አለበት። ለእንግዳ ደስታ ብቻ ተብሎ በጥቂት ቀን የሚሰጥ ትምህርት ልብስና አበባ እንጂ ጥበብ አያስተምርም። ስለዚህ ከአስተማሪ የሚጠበቅ ዕዳ አለ፤ ጥበቡን ከማን እንደ ተማረ ስም ጠርቶ መናገር፥ ለዘፋኙና ለጊታር መቺው ተገቢውን ዋጋ መክፈል፥ ተማሪው ያልቻለውን ችለሃል ብሎ ገንዘቡን አለመቀበል ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ ጥበብንም የሚያረክሳት አያያዙ ነው እንጂ ዋጋ መቀበሉ ብቻ አይደለም። መምህር እንጀራ ካላገኘ ትምህርቱ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል።

የዚህ ሥራ ጽናት በ2020 ዓ.ም. ተፈትኖ ታይቷል። በዚያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ መድረኮች ሁሉ ተዘጉ፤ በማድሪድ የታወቀው ካሳ ፓታስ የተባለው የፍላሜንኮ ቤትም ዳግመኛ ሳይከፈት ቀረ። በመድረክ ብቻ ይኖር የነበረ ጨፋሪ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ተማሪ የነበራቸው ግን ብዙዎቹ በየቤታቸው ሆነው በስልክና በኮምፒዩተር ምስል እያስተማሩ ክፉውን ቀን በጥቂቱም ቢሆን ተሻገሩ።

እንግዲህ ልጁ አንድ ጥበብ እንደ ወደደ ያየ አባት ወይም እናት «ተው» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ልጁ የሚወደው ጥበቡን ነው ወይስ ጭብጨባውን? በየቀኑ አንዱን ምት መቶ ጊዜ ለመድገም ትዕግሥት አለው? የሚያውቀውን ለሌላው ማስረዳት ይሆንለታል? መልሱ መልካም ከሆነ ከጥበቡ ጋራ ሂሳብ መያዝን፥ ውል መጻፍንና ከመከር ለክረምት ማኖርን ያስተምረው። የሴቪያው አንካሳ አስተማሪ በአንድ ጤነኛ እግር ብዙዎችን አስጨፍሮ የራሱን ኑሮ ካቆመ፥ ሁለት እግር ያለው ልጅ በሚወደው ሥራ ሊኖር የማይችልበት ምክንያት የለም።