ሳይደነድን የታጠፈ ደለል
ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው መሬት እንደሚሄድ ለማመን ሩቅ አገር መጥቀስ አያስፈልገውም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ ተዳፋቱ ተንሸራቶ ማሳውንም ቤቱንም ይዞ ወረደ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ውሃ አፈሩን ስላከበደው ነው ቢባል እውነትነት አለው፤ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አፈር የሚጸናው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው። በመካከላቸው የታሰረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ጫናውን ራሱ ይሸከምና ድጋፋቸውን ያላላዋል። ትናንት እግር ያቆም የነበረው መሬት ያን ጊዜ ይከዳል።

በጥልቅ ባሕር ወለል ያለ ደለልም በዚሁ መንገድ ይከዳል። ደብረ ሲና ተራራ ነው፣ ከጥልቅ ባሕር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኛቸው ይኸው የውሃ ግፊት ነው፤ የሚለያቸው ደግሞ አሻራው ነው። በየብስ የተናደውን ማረሻና ዝናብ ያጠፉታል። ከውሃ በታች ግን ከባዱ አሸዋ ወደ ልሙ ጭቃ ይሰምጣል፣ ጭቃውም እንደ ነበልባል ምላስ ወደ ላይ ይሾልካል፣ ተዳፋት ላይ ያለው ንብርብር እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፤ አዲስ ደለል በላዩ ተነጥፎም አብሮ ዐለት ይሆናል። ከላይም ከታችም በተስተካከሉ ንብርብሮች መካከል አንዱ ብቻ ተጨማዶ መገኘቱ፣ እጥፋቱ ገና ጭቃ ሳለ ለመምጣቱ ትልቁ ፍንጭ ነው።

እንዲህ ያለውን ሁሉ የጥንት የመሬት መንቀጥቀጥ ምስክር ማድረግ ግን ችኮላ ይመስለኛል። ፈጥኖ የተከመረ ደለል በገዛ ክብደቱም ይናዳል፤ ቅርጹ ብቻውን የነቀነቀውን አይናገርም። ግምቱ የሚጠነክረው በሰፊ አካባቢ በአንድ ዘመን የተነጠፈ ንብርብር አብሮ ተረብሾ ሲገኝ ነው። መንቀጥቀጥ ይህን ለማድረግ አቅሙ እንዳለው ጥርጥር የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ከካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ የባሕሩ ወለል ሲናወጥ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጥሰዋል፤ በጥልቁ ያሉት የተበጠሱት ወዲያው ሳይሆን ጭቃው እየወረደ ሲደርስባቸው፣ በተራ በተራ ነው። እኛም ከዚህ አደጋ ሩቅ አይደለንም፤ ከደብረ ሲና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለችው ካራ ቆሬ በ1953 ዓ.ም. ስትናወጥ ማጀቴ ፈርሳለች። በጽሑፍ ያለን የነውጥ ታሪክ አጭር ነው፤ ደለል ግን የረዥም ዘመን መዝገብ ይይዛል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሐይቅ ደለል የዛፍ ቅጠል ሳይቀር አኑሯል። ስለዚህ በመንገድ ቁፋሮ ወይም በወንዝ ገደል ላይ በተስተካከሉ ንብርብሮች መካከል አንድ የተጨማደደ ካያችሁ፣ ቦታውን መዝግባችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል አሳውቁ።