የአሶሳ ጎዳና፣ የሽመል ደንና የንጋት ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚወስደው አውራ ጎዳና ርዝመቱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አምቦን፣ ነቀምትንና ጊምቢን አልፎ ወደ መንዲ ይዘልቃል። መንገደኛው የደጋውን የጤፍ ማሳና የወለጋን ቡና ከኋላው ትቶ የዳቡስን ወንዝ ሲሻገር አየሩ ይሞቃል፤ የዕፀዋቱም መልክ ይለወጣል። ከባምባሲ አንሥቶ እስከ አሶሳ ድረስ በጎዳናው ግራና ቀኝ የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል፣ በየስፍራው ተሰባጥሮ ይታያል።

ለጉዞው የሚመረጠው ወራት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናሙ ያባራል፤ ሣሩ ግን ገና አልደረቀም። በጫካው ጦጣና ዝንጀሮ፣ ከርከሮና ድኩላ ይኖራሉ፤ ቆቅና ጅግራም ከመንገድ ዳር ይነሣሉ። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ጉማሬና አዞ በውሃው ውስጥ ይገኛሉ፤ በደረቁ ቆላም የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። አሶሳ ራሷ በማንጎ ዛፎቿ የታወቀች ከተማ ናት።

ከዚህ ሁሉ ሀብት ለነጋዴው ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ሽመሉ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ የቀርከሃ ሀብት ትልቁን ድርሻ የያዘች አገር ስትሆን፣ ከዚህም አብዛኛው የቆላው ዓይነት ነው። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ግንዱ ድፍን በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ለበትርና ለምሰሶ ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። የበርታና የጉሙዝ ሕዝቦች ቤት የሚሠሩበት፣ አጥር የሚያጥሩበት፣ በክረምትም ለጋ ቡቃያውን ቀቅለው የሚመገቡት ይኸው ተክል ነው።

ይሁን እንጂ የሽመል ጠባይ ያልገባው ገዢ ሀብቱን በአጭር ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። ቡቃያው በአንድ ክረምት ሙሉ ቁመቱን ስለሚያገኝ የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ግንዱ ጠንክሮ ለሥራ የሚበቃው 3 ዓመት ያህል ሲሞላው ነው። ለጋው ከተቆረጠ ዕንጨቱ ደካማ ይሆናል፤ በነቀዝም ቶሎ ይበላል፤ ሥሩም ለቀጣዩ ክረምት የሚያበቅልበት ኃይል ይጎድለዋል። ከዚህም በላይ ሽመል ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድነት አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ የሚደርቅ ተክል ነው። በዚህ ጊዜ የበጋ እሳት ቢነሣበት ወይም ከብት ቢሰማራበት ከዘሩ የበቀለው ችግኝ ይጠፋል፤ ደን የነበረውም ስፍራ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የበሰለውን ብቻ መርጦ የሚገዛና ለዚሁም ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ የራሱን የነገ ገበያ ይጠብቃል።

በክልሉ ሰሜናዊ ክፍል በጉባ ደግሞ አዲስ ትርኢት ተፈጥሯል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ ኋላ የተኛው የንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሲሆን፣ ውሃው ሸለቆውን ሲሞላ ከፍ ያሉት የኮረብታ ራሶች ደሴቶች ሆነው ቀርተዋል። ባሕር በሌለው አገር፣ በሞቃት ቆላ መካከል፣ በጀልባ የሚጎበኙ ደሴቶች መገኘታቸው ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለመጓጓዣና ለዓሣ ንግድ ሰፊ በር ይከፍታል።

ሆኖም የሚያምር አገር ብቻውን እንግዳ አያመጣም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከማሺና በመተከል የተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ መንገድ ዘግቷል፤ ገበያም አፍርሷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው አስተዳደር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ጊዜ ያጠረውም በአውሮፕላን አሶሳ መድረስ ይችላል። ከደረሰም በኋላ ሥራውን ከአገሬው ሰው ጋር ተባብሮ ቢጀምር መልካም ነው፤ ሽመሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እሳት ከየት በኩል እንደሚመጣና የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚያልፍ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ደኑ ቆሞ ከቆየ ለጎብኚው ውበት፣ ለአናጺው ዕንጨት፣ ለገበሬውም ገቢ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ተጨፍጭፎ ከተሸጠ ግን የሚተርፈው የአንድ ዓመት ትርፍ ብቻ ነው።