የጓሮ ዘርን ስለ መምረጥ፣ ስለ ማስቀመጥና ከጎረቤት ጋር ስለ መለዋወጥ



በጓሯችሁ የምትዘሩት ጎመን፣ ዱባና አደንጓሬ ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ከእናታችሁ፣ ከጎረቤታችሁ ወይም በጨንቻና በዶርዜ ገበያ ከምታውቁት ሰው እጅ የመጣ ነው። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ዘሩ አገሩን ለምዷል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ዘር አንድ ቀን ይጠፋል፤ ዘር በሚሄድበት መንገድ ደግሞ በሽታም ይሄዳል። ስለዚህ ለመስጠትም ለመቀበልም ሥርዐት ያስፈልጋል።

ለጎረቤት መስጠት ስለ ምን ይጠቅማል?

እኔ ራሴ ከእርሻ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ በደጋው ስሠራ አንድ መልካም የዱባ ዘር አግኝቼ በሚገባ ሳላደርቀው በላስቲክ ቋጥሬ አስቀመጥሁ። በዘር ጊዜ ስፈታው ሻግቶ ነበር። ደግነቱ ከዚያው ዱባ ጥቂት ፍሬ ለአንዲት ጎረቤት እናት ሰጥቼ ነበር። እርሳቸው በቅል አድርገው በጓዳ ሰቅለው አቈይተውት ኖሮ በእፍኛቸው ሰፍረው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ቤት ሁለተኛ ጎተራ መሆኑን አልረሳሁም።

አገራችንም ይህን በመከራ ተምራዋለች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እስከ መብላት ደርሶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለውን የዘር ማእከል ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ መኖር እንዳለበት አጥብቀው አስተምረዋል። ለዚህም ሥራቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል።

አመራረጥ

1ኛ፤ ዘር የሚወሰደው ከተበላው ተራፊ አይደለም። ተክሉ በማሳ ሳለ ጤናማውንና ብዙ የሚያፈራውን ለይታችሁ ክር እሰሩበት። ብዙ ሰው መልካሙን ጎመን ቀጥፎ ይበላና ፈጥኖ ያበበውን ለዘር ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን ከዓመት ወደ ዓመት ቅጠሉ እያነሰ ቶሎ የሚያብብ ጎመን ይወርሳችኋል። ለዘር የሚተወው ዘግይቶ የሚያብበው ነው፤ እርሱም ከአንድ ሳይሆን ከብዙ እግር ይሁን።

2ኛ፤ አደንጓሬና ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ስለሚዳቀሉ ዐይነታቸው አይለወጥም። ዱባንና ጎመንን ግን ንብ ከሌላው ጋር ያዳቅላቸዋል። ሁለት ዐይነት ዱባ ተቀራርቦ ቢዘራ የዘንድሮው ፍሬ መልኩን አይለውጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው ግን ቅይጥ ይሆናል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ በአንድ ሰፈር አንድ ዐይነት ዝሩ።

3ኛ፤ ድቅል ወይም ሃይብሪድ ተብሎ ታሽጎ ከተሸጠ ዘር ያፈራውን መልሳችሁ ለዘር አታስቀምጡ፤ ልጁ እናቱን አይመስልም።

አቀማመጥ

ዘሩን በሰሌን ላይ በጥላ አድርቁ፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አታስጡት። አደንጓሬ ሲነክሱት ጥርስ የማያስገባ፣ የዱባ ፍሬ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፉ በሚገባ በሚከደን ቅል ወይም ጠርሙስ አስቀምጡት። ለአደንጓሬ የተነፋና የቀዘቀዘ አመድ ብትቀላቅሉበት ነቀዝን ይከላከላል። በዕቃው ላይ የዘሩን ስም፣ ዓመቱንና ከማን እንደ ተገኘ ጻፉ።

ሙቀት የዘርን ዕድሜ ያሳጥራል። ቦታው በ5 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቍጥር የደረቀ ዘር ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ሲሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የቆላው ሰው ከዘሩ ከፊሉን በደጋ ዘመዱ ዘንድ በዐደራ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ደጋው ርጥበት ስላለው ግን ዘሩ ደርቆና በደንብ ታሽጎ ይላክ።

ከመዝራት በፊት ሃያ ፍሬ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ሞቅ ባለ ቦታ አቈዩ። ዐሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው። ከዐሥራ ሁለት በታች ከሆነ ከጎረቤት ለውጡ፤ ካልተገኘ ደግሞ አብዝታችሁ ዝሩ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ልውውጥ

የእንሰት ችግኝና የዘር ድንች እንደ አደንጓሬ በእፍኝ ተቀብለው የሚተክሏቸው አይደሉም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በችግኝና በቢላዋ ይተላለፋል። ሲቈረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣ እንሰት ካለበት ማሳ፣ ዘመድ ቢሰጣችሁም፣ ችግኝ አትቀበሉ። ቢላዋውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታሻግሩ በእሳት ለብልቡት።

ድንችም ላዩ ጤናማ መስሎ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ማሳው አረንጓዴ ሳለ ሄዳችሁ እዩት። የጠወለገ እግር ካለ ግንዱን ቈርጣችሁ በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ አንጠልጥሉት፤ እንደ ወተት ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ከዚያ ማሳ ለዘር አንዲት ድንች እንኳ አትውሰዱ። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውም አስታውቁ።

እንግዲህ ዘንድሮ ከምትሰበስቡት ዘር ለራሳችሁ ከማስቀመጣችሁ አስቀድማችሁ አንዳንድ እፍኝ ለሁለት ጎረቤት ስጡ። ከእነርሱም የሌላችሁን ተቀበሉ። የእናንተ ቢሻግት ወይም ነቀዝ ቢበላው የት ሄዳችሁ እንደምታገኙት ታውቃላችሁ።