ሞተር የሚያድርበት ቤት

በዲላ «ጋራዥ» ሲባል ሰው የሚያስበው ሞተር የሚጠገንበትን ቤት ነው። ሞተር የሚያድርበት ቤት የራሱ ስም የለውም፤ አንዱ ጋ በረንዳ፣ ሌላው ጋ ሰርቪስ ክፍል ወይም ማድ ቤት፣ ብዙው ጋ ደግሞ ሳሎን ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍል ስለሌለም ጥበቃው ታስቦበት አይሠራም፤ ከገበያ የተገኘ ጓጉንቸር ይንጠለጠልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጓጉንቸር ግን ከታሰረበት ነገር በላይ አይጠነክርም። ስስ ቆርቆሮ ላይ የተንጠለጠለ ውድ ቁልፍ፣ ቆርቆሮው ሲገነጠል እንደተቆለፈ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ስለ ሞተር ጥበቃ ሲነሳ ከቁልፉ በፊት በሩ፣ ግድግዳውና ወለሉ መታየት አለባቸው።

ዲላ ባለችበት በጌዴኦ ዞን ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ወደ ቡሌ በሚወጣው በኩል ምድሩ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ባህላዊ መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ አገር ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበት ገደላማ ምድር ነው፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል በዝናብ ጊዜ መኪና የማይደፍረው ቀበሌ ብዙ ነው። እዚያ የሚደርሰው ሞተር ነው። ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የግብርና ባለሙያ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ፣ ነጋዴ ወደ እሸት ቡናው የሚሄዱት በሞተር ነው። ሞተሩ የተሰረቀበት ወጣት በማግስቱ ሥራ የለውም፤ በብድር ገዝቶት ከሆነ ደግሞ ዕዳው እርሱ ጋ ይቀራል።

የከተማዋ አቀማመጥም ለሌባ ያመቻል። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ጌዴኦ በሰሜን ከሲዳማ፣ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። ሌሊት ከግቢ የወጣ ሞተር ሳይነጋ ሌላ ክልል ውስጥ፣ በሌላ ፖሊስ ሥር ሊሆን ይችላል። ሞተር ከግቢ ከወጣ በኋላ መፈለጉ ይህን ያህል ከባድ ስለሆነ፣ ጥረቱ ሁሉ እንዳይወጣ ማድረጉ ላይ መዋል አለበት።

በአካባቢው የሚበዙት ቦክሰርና ቲቪኤስን የመሳሰሉ ሞተሮች ከ110 እስከ 130 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው ያነሱታል፤ ሦስት ሆነው ፒካፕ ላይ ይጭኑታል። ይህ ቀላል ሐቅ ብዙ ሰው የሚተማመንበትን ነገር ዋጋ ያሳጣዋል። መሪውን ጠምዝዞ መቆለፍ፣ ቁልፉን ነቅሎ ትራስ ሥር ማድረግ፣ ጎማውን ከራሱ ከሞተሩ ጋር በሰንሰለት ማሰር፣ ሁሉም ሞተሩ እንዳይነዳ እንጂ እንዳይነሳ አያደርጉም። ሌባ የሚሸሸው ጊዜ የሚፈጅበትንና ድምፅ የሚያወጣበትን ነው። ጥሩ ጥበቃም ሥራውን በእነዚህ በሁለቱ የሚያከብድበት ነው።

በሩ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በካቻቢቴ ይፈለቀቃል፤ ከሥሩ ላሜራ ወይም የቱቦላሬ ማዕቀፍ ያስፈልገዋል። ከላሜራው ውፍረት ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ማጠፊያው ነው። ማጠፊያው በውጭ በኩል ሆኖ ፒኑ ከላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ቁልፉ ሳይነካ በሩ ከነማጠፊያው ይነቀላል። ፒኑን ጫፉ ላይ በብየዳ ነጥብ ማስያዝ ለማንኛውም በያጅ የአፍታ ሥራ ነው። ጓጉንቸሩ የሚገባበት ብረትም በትናንሽ የእንጨት ብሎኖች ከተያዘ ዋጋ የለውም፤ በሩን በስቶ የሚያልፍ፣ ዳዶው በውስጥ በኩል የሚታሰር ብሎን ይፈልጋል። በውስጥ በኩል አግድም የሚገባ ወፍራም ብረት ወይም ጠንካራ መወርወሪያ ቢጨመር ደግሞ የውጩ ቁልፍ ቢሰበርም በሩ አይከፈትም።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በዲላም ሆነ በዙሪያዋ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ብዙ ነው፤ የዘነበበት፣ ልስኑ የተላጠና ማገሩ የበሰበሰ ግድግዳ ከበር ይልቅ ለመስበር ይቀላል። «ሰርሳሪ ሌባ» የሚለው አነጋገርም የመጣው ግድግዳ ሰርስሮ ከሚገባው ነው። ሞተሩ የሚቆምበትን ጥግ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ በብሎኬት ወይም በድንጋይ መደገፍ ይህን መንገድ ይዘጋል። ያን ማድረግ ያልተቻለ እንደሆነ ሞተሩ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት ባዶ ቦታ ጋር ከሚዋሰነው ግድግዳ ርቆ ይቁም።

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ግን ሞተሩን ከምድር ጋር ማሰር ነው፤ የሚያሳዝነውም ርካሹና የተሻለው ዘዴ ይህ ሆኖ ሳለ በጥቂት ቤት ብቻ መታየቱ ነው። የሚያስፈልገው 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ጥቂት ስሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ነው። ፌሮው እንደ ባልዲ ጋማ ይታጠፋል፤ ሁለቱ እግሮቹ ጫፋቸው ወደ ውጭ ይቆለመማል። ጎንና ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፌሮው ይቆምበትና አርማታ ይሞላበታል፤ ከወለሉ በላይ የሚታየው ሰንሰለት የሚያሳልፈው ቀለበት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አርማታ ብቻውን 190 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የጭቃ ወለል ውስጥም ቢሆን ተጎትቶ አይወጣም። ወለሉ ሊሾ ስሚንቶ ከሆነ መጀመሪያ ተሰብሮ መቆፈር አለበት፤ በሊሾው ላይ ብቻ የተጣበቀ ቀለበት በመዶሻ ይፈነገላል። አርማታው ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። የተከራየ ሰው ይህን ከማድረጉ በፊት አከራዩን ያስፈቅዳል፤ ለቤቱ ባለቤት የሚቀር ንብረት ስለሆነ እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙ አይደለም።

ሰንሰለቱ የሚያልፈው በኋላ ጎማ ቸርኬና በሻንሲው ብረት ውስጥ ነው። የፊት ጎማ በአንድ ዳዶ ስለሚፈታ፣ በፊት ጎማ ብቻ የታሰረ ሞተር ጎማውን ጥሎ ይሄዳል። ሰንሰለቱ አጭርና የተወጠረ ይሁን። ሰንሰለት መሬት ላይ ተዘርግቶ ካደረ፣ መዶሻም የብረት መቁረጫ መቀስም መሬቱን መደገፊያ ያደርጉታል፤ አየር ላይ የተወጠረው ግን ለመምታትም ለመጫንም አይመችም። ለከብት የሚሸጠው ቀጭን ሰንሰለት በመቀስ በአንዴ ይቆረጣል፤ ከጠነከረ ብረት የተሠራው ደግሞ ግራይንደር ይጠይቃል፤ ግራይንደር ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጓጉንቸሩ ቅስቱ አጭርና ወፍራም፣ የሚታየው ክፍተቱም ጠባብ የሆነው ይመረጥ። በዲላ ዝናብና እርጥበት ቁልፍ ቶሎ ስለሚዝግ በየወሩ ጥቂት ዘይት ይፈልጋል።

በሞተሩ ላይ የሚሠራ ጥበቃም አለ። በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚገባ የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የቁልፉ ሽቦ ቢነካም እሳት ወደ ካንዴላ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሌሊት የነዳጁን መዝጊያ መዝጋት ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ዋጋ አለው፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ውስጡ በቀረችው ነዳጅ ጥቂት ርቀት ይሄድና መንገድ ላይ ይጠፋል።

መብራትና ማስጠንቀቂያ ደወል ሌባን ያሸሻሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በፀሐይ የሚሞላ፣ ሰው ሲጠጋ የሚበራ አምፖል ለዚህ የተሻለ ነው። ድምፅም ሁልጊዜ አይታመንም። ከባድ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ በሚቀጥለው ክፍል የሚሆነው አይሰማም፤ ውሻም ይጠለላል፣ ዘበኛም ከሰገነት ሥር ይገባል። በጌዴኦ ዝናቡ በበልግም በመኸርም ስለሚበረታ እንዲህ ያለው ሌሊት ጥቂት አይደለም፤ ያን ሌሊት ሞተሩን የሚይዘው አርማታው ነው።

ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ የራሱ ጣጣ አለው። የካንቸሎው ቁልፍ በብዙ እጅ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ተከራይ ሲለቅ ቁልፉ ቅጂ ተቀድቶለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር የውጩን ጓጉንቸር መለወጥና ማታ መጨረሻ የሚገባው እንዲቆልፍ መስማማት ከብዙ ብረት ይበልጣል። ጎረቤት የሚተዋወቅበት ሰፈርም ጥበቃ ነው፤ በገጠሩ ጌዴኦ የአካባቢ ጉዳይ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ስለሚታይ ሰው ይተዋወቃል፤ እንግዳ ሰው ሌሊት ሞተር ሲገፋ ቢታይ «የማን ነው?» የሚል አይጠፋም።

ሳሎን ውስጥ ሞተር ማሳደር ግን ከሌባ የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበንም፣ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከሰል የተያያዘበት የቡና ማንደጃ ደግሞ ያለው እዚያው ወለል ላይ ነው። ነዳጅ በሃይላንድ ወይም በጄሪካን አጠገቡ ከተቀመጠ እሳቱ የሚይዘው ቤተሰቡን ነው። ሰው የማይተኛበትና እሳት የማይነድበት ክፍል ይመረጥ። ሌላ አማራጭ ከሌለ ሞተሩ የመውጫውን በር እንዳይዘጋ፣ ክፍሉም ከላይና ከታች አየር የሚያስገባ በብረት ወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ሞተሩንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከተሰረቀ፣ የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው። ፖሊስ የሚጠይቀው የታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ በቃሉ አያስታውሰውም። የተሰረቀ ሞተር ለሌላ ወንጀልም ያገለግላል፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ያገደችው በሞተር በሚፈጸም ዝርፊያ ምክንያት ነው። ታርጋው በስሙ የተመዘገበ ሰው ቶሎ ማመልከቱ ራሱንም ያድናል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውም ተጠያቂ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግን በአንቀጽ 682 ይቀጣል። ፖሊስ የሚጠይቃቸው ሦስቱ ቁጥሮች አስቀድመው በወረቀት ተጽፈው፣ በስልክም ፎቶ ተነስተው ከሞተሩ ሌላ ቦታ ይቀመጡ። ሊብሬውን ከሞተሩ ወንበር ሥር ያስቀመጠ ካለ ዛሬ ማታ ያውጣው።