የትኛው አርሰኒክ?

እ.ኤ.አ. በ2025 ኤፕሪል ላንሴት ፕላኔታሪ ሄልዝ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሩዝ ውስጥ ያለውን የአርሰኒክ ጉዳይ እንደገና ቀስቅሶታል። ተመራማሪዎቹ ቻይና ውስጥ 28 የሩዝ ዝርያዎችን በ10 ዓመት ፈትሸው፣ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ላይ ሲጨምሩ ፍሬው ውስጥ ያለው ኢኦርጋኒክ የሚባለው ጎጂው የአርሰኒክ ዓይነትም ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማሳው ነው። ውሃ የተኛበት አፈር አየር ሲያጣ፣ ከብረት ጋር ተጣብቆ የኖረው አርሰኒክ ተለቆ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሩዝ ሥር ደግሞ ሲሊከን ወዳድ ስለሆነ፣ አርሰኒኩም በሲሊከኑ በር አብሮ ይገባል። ሩዝ ከሌሎች እህሎች አሥር እጥፍ ያህል የሚሰበስበው በዚህ የተነሳ ነው። ለጤና ተብሎ የሚገዛው ያልተፈተገው ቡናማ ሩዝ ይብሳል።

አርሰኒክ ያለው ሩዝ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ ላይ ግን ብዙ አልቆይም። አርሰኒኩ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው አርሴኖቤታይን የሚባለው የማይጎዳ ዓይነት ስለሆነ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሂጂኪ የሚባለው የባሕር አረም ግን በኢኦርጋኒኩ የተሞላ ነው፤ የብሪታንያ የምግብ ቁጥጥር ተቋም ከ2004 ጀምሮ አትብሉት ይላል።

እኔን የሚስበኝ የ2011ዱ የፖም ጭማቂ ጠብ ነው። ዶክተር ሜህሜት ኦዝ በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ጭማቂ አስመርምሮ አርሰኒክ ተገኘ ሲል አሜሪካውያን ወላጆች ደነገጡ። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በበኩሉ፣ ኦዝ የለካው ጠቅላላውን ነው፣ ጎጂውን ከማይጎዳው አልለየም ብሎ ተቆጣ። በኬሚስትሪው ኤፍዲኤ ልክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሸማቾች መጽሔት የሆነው ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የፖምና የወይን ጭማቂ ሲያስመረምር ግን ከናሙናዎቹ 10 በመቶው ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው፣ ከቢሊዮን 10 እጅ፣ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው አርሰኒክም ኢኦርጋኒኩ ነበር። ስለዚህ ኦዝ አለካኩን ቢስትም ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ ኤፍዲኤም ትክክለኛ ኬሚስትሪውን መከለያ አደረገው እላለሁ። በ2013 ለፖም ጭማቂ ያንኑ 10 እንደ ገደብ ሐሳብ አቀረበ፤ ያጸደቀው ግን በ2023 ነው።

ኢኦርጋኒኩ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ አከራካሪ አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በጃንዋሪ 2024 የአደጋውን ስሌት የሠራው ከቆዳ ካንሰር ተነስቶ ነው፤ መነሻ ያደረገው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.06 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ሰዉ ከምግብ የሚያገኘው አሳሳቢ ነው ብሏል። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ስለሚበሉ ድርሻቸው ይከብዳል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ። ሩዝ ማጠብ አርሰኒኩን ብዙም አይነካውም። አንድ ስኒ ሩዝ ከስድስት እስከ አሥር ስኒ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ፣ እንደ ፓስታ ውሃውን መድፋት ግን ኢኦርጋኒኩን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ውሃ መጥኖ ማብሰል የለመደ እጅ ብክነት ይመስለዋል፤ ቫይታሚን የተጨመረበት ሩዝም ቫይታሚኑ አብሮ ይደፋል።

ገደብን በተመለከተ አውሮፓ ከ2016 ጀምሮ ለሩዝ አውጥታለች። አሜሪካ በ2020 ለሕፃናት የሩዝ ገንፎ ዱቄት ከቢሊዮን 100 እጅ ስታስቀምጥ፣ አዋቂው ከከረጢት ለሚገዛው ሩዝ ግን ምንም ገደብ አላወጣችም።