ሲጋራውን ተውነው፤ ሐራራው ለምን አልተወንም?



በአንድ የረመዳን ጁሙዓ፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሶላት ተሰግዶ ሰዉ ሲበተን አንድ በቅሎ ነጂ ወንድማችን ጫማውን የሚፈልግ መስሎ ወደ ኋላ ቀረ። ዕድሜው ከእኛ ይበልጣል፤ አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው ነው። አጠገባችን ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ወንድም ቱሪስት በሚበዛባቸው ዓመታት ከደባርቅ ተነስቶ በጨነቅ በኩል ወደ አምቢኮ፣ ከዚያም ወደ ራስ ዳሸን የሚወጡ እንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ይጭን ነበር። ሲጋራ የለመደውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ማታ ማታ እሳት ዳር እንግዳው ለአስጎብኚው ሲሰጥ፣ አስጎብኚው ደግሞ ለእርሱ ሲያቀብል። ጎብኚው ከቀነሰ ወዲህ የሱቅ ዕቃ፣ ማለትም ስኳርና ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ይጭናል። ሲጋራውንም ከሁለት ዓመት በፊት በረመዳን ትቶታል። በዚያ ሳምንት ግን ጾሞ ውሎ አምቢኮ አድሮ ሳለ፣ በሕልሙ ሲያጨስ ራሱን አየ። ጭሱ በጉሮሮው ሲወርድ ሁሉ ይሰማው ነበር። ደንግጦ ሲነቃ ልቡ ይመታል፤ መዳፉን አሸተተ፤ ጋቢውን አሸተተ። ምንም የለም። ሆኖም ሱሑር ሳይቀምስ ቁጭ እንዳለ ነጋ።

«ያ ሁሉ ተውባ ውሸት ነበር ማለት ነው? ልቤ ለካስ ዛሬም እዚያው ነው» አለን። ከዚያች ሌሊት ወዲህ በመጀመሪያው ሶፍ መቆም አፍሮ ከኋላ ይሰግዳል። ለባለቤቱም ትንፍሽ አላለም።

እኛም አልሳቅንም። ይህን የምንጽፈው ከዳር ቆመን አይደለምና። ከመድረሳ ወጥተን ኮሌጅ በገባን በሁለተኛው ዓመት የለመድነውን ሲጋራ ከተውን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ሆኖም ዳባት መናኸሪያ መኪና ስንጠብቅ ነፋሱ የሰው ጭስ ይዞብን ሲመጣ፣ እጃችን ሳናዘው ወደ ደረት ኪሳችን የሚሄድበት ጊዜ አለ። አሁን ኪሱ ውስጥ ያለው ጠመኔ ነው።

ስለ ሕልሙ

የሃይማኖቱን ጉዳይ በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ለሚሆነው ነገር እንደማይጠየቅ፣ ነቅቶ ሳለም ነፍሱ ሹክ የምትለውን እስካልተናገረው ወይም እስካልፈጸመው ድረስ እንደማይያዝበት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በተላለፉ ሐዲሶች የታወቀ ነው። ጾሙ አልተበላሸም፤ ተውባውም በቦታው ነው። ይህን ስንነግረው አንገቱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። «ታዲያ ለምን መጣብኝ?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰለትምና።

የለንደኑ ተመራማሪ ፒተር ሃዬክ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሲጋራ ካቆሙ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት የሆናቸውን 293 ሰዎች ጠይቀው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 33 በመቶ የሚሆኑት ሲያጨሱ ራሳቸውን በሕልም ማየታቸውን ተናገሩ። የተሰማቸውም ደስታ ሳይሆን ድንጋጤና ጸጸት ነው። ካቆሙ ስድስት ወር ካለፋቸው በኋላም ሕልሙ የመጣባቸው ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመው ግን፣ በሕልማቸው አጭሰው ተጸጽተው የነቁት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሲጋራ ሳይነኩ የመዝለቅ ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንግዲህ ወንድማችንን ከመጀመሪያው ሶፍ ያስወጣው ነገር፣ በዚህ ጥናት ከታየ የጽናት ምልክት ነበር ማለት ነው።

ሐራራ ሰዓት ያውቃል

ብዙዎቻችን ሐራራ ሲባል «ኒኮቲን በደሜ ውስጥ ስለቀረ ነው» ብለን እናስባለን። እንዲህ አይደለም። በደም ውስጥ ካለው ኒኮቲን ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወገዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሰውነት ከርሱ ይጠራል። ቁጣው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ አለመሰብሰቡ የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል። በአጫሹ አንጎል ውስጥ የተበራከቱት የኒኮቲን ተቀባዮችም በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሐራራ የመርዝ ጥያቄ አይደለም። ትዝታ ነው። ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሽታ ጋር የተሳሰረ ትዝታ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የሚያጨሱ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን በአጭር በረራ (ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል) እና በረጅም በረራ (ከ8 እስከ 13 ሰዓት) ላይ ሐራራቸውን በየጊዜው አስመዘገቧቸው። ሐራራው ካላጨሱበት ሰዓት ርዝመት ጋር የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በረጅሙ በረራ ላይ ገና በመንገድ እጅግ በበረታ ነበር። የሆነው ግን በሁለቱም በረራዎች አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ሐራራው ከፍ ማለቱ ነው። በሩ ሊከፈት ሲል ማለት ነው።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመረዳት አውሮፕላን ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው በረመዳን ከፈጅር እስከ መግሪብ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳይነካው ይውላል፤ ብዙውን ሰዓትም አያስታውሰውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዓይኑ ከቴምሩ ይልቅ ክብሪቱን ይፈልጋል። ቀን የት ሄዶ ነበር? ቀን በሩ ዝግ ነበር። ስለሆነም ሲጋራ የተወ ወንድም «ለእንግዳ ይሆናል» ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀራት ፓኮ ካለችው፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል ማለት ነው። ያቺ ፓኮ ለእንግዳ አትሆንም፤ እናውቃታለን።

ስለ ቡናው

ከባድ የሚሆነው ቡና ላይ ነው። አቦሉ ሲቀዳ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ጨዋታው ሲሞቅ የቀድሞ አጫሽ ሁለት ጣቶቹ ባዶ መሆናቸው ይታወቀዋል። ይህ የትዝታው ወገን ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች (ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ነው) ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ አጣርቶ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ሰውየው ማጨሱን ሲያቆም ጉበቱ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት ያው የለመዳቸው ሦስት ስኒዎች በደሙ ውስጥ የሚተዉት ካፌይን እጥፍ ገደማ ይሆናል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ሌሊቱን ይገላበጣል፣ በልጆቹ ላይ ይጮኻል። እርሱም ሆነ ቤተሰቡ «ሐራራው ነው» ይላሉ፤ ግማሹ ግን ቡናው ነው!

ታዲያ በረካዋን ተዉ ልንል አልደፈርንም፤ ይህን ብንጽፍ እናቶቻችንም አይለቁንም። ስኒዋ በግማሽ ትቀዳ፣ የማታው ቡና ይቅር፣ ቡና ሲጠጣ ከለመደው መደብ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ነው የምንለው። የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የጠቀመን እርሱ ነው። የድሮው መቀመጫችን በር አጠገብ ነበር፤ ለማጨስ ወጣ ለማለት የሚመች።

ጫትን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። ጫት ላይ ተቀምጦ ሐራራን እታገላለሁ ማለት እሳት ዳር ተቀምጦ ሙቀቱ አይሰማኝ እንደ ማለት ነው። ከሲጋራ የተመለሱ ስንት ወጣቶች በዚያ ምንጣፍ ላይ እንደገና እንደጀመሩ በዓይናችን አይተናል።

«ብርዱስ?»

በቅሎ ነጂው ወንድማችን ሌላም ክርክር ነበረው፤ «አምቢኮን ቢያውቋት፣ ያ ብርድ ያለ ሲጋራ አይገፋም» አለን። አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ አጫሹ ጣቶቹ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ፤ የሚሞቀው እሳቱ እንጂ ሲጋራው አይደለም። በተጨማሪም ከጨነቅ ወደ አምቢኮ ሲኬድ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂት መተላለፊያ መሻገር ግድ ነው። እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የምታስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከአሥሩ እጅ ስድስቱን ያህል ብቻ ነው። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ያችኑ ትንሿን ይሻማታል። ይህ ጋዝ ማጨስ በቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል። ይህን ስንለው ጥቂት አሰበና፣ «አዎ፣ አሁን ዳገቱ ላይ በቅሎዋን እኔ ነኝ የምጠብቃት» አለ።

ሐራራው ሲመጣ

አንድ የሐራራ ማዕበል የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ካልመገቡት ራሱ ይወርዳል። ትግሉ እንግዲህ ከዕድሜ ልክ ጋር ሳይሆን ከእነዚያ ደቂቃዎች ጋር ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ዉዱእ ማድረግ፣ መፋቂያ አፍ ውስጥ መያዝ፣ ጥቂት ቆሎ መቆርጠም፣ ከተቀመጡበት ተነስቶ መራመድ፤ ማንኛውም ይሁን፣ እጅንና አፍን ሥራ የሚያስይዝ ነገር ይበቃል። ኒኮቲን ያለበትን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ማግኘት የሚችልም ሐኪሙን ያማክር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

«አንድ ፍሬ ብቻ» የምትለዋን ግን ፍሩ። የምናውቀው አንድ መምህር አራት ዓመት ሙሉ ቆይቶ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዷን ተቀበለ፤ በሳምንቱ ፓኮ ይገዛ ጀመር። በነገራችን ላይ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን፣ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም ማጨስን ከልክሏል። ባለ ሱቅ አንባቢዎቻችን ካላችሁ፣ በፍሬ የምትሸጧት ሲጋራ ከእነማን እጅ እንደምትገባ ታውቃላችሁ። ያ መምህር ግን ከወደቀ በኋላ «አራቱ ዓመት ከንቱ ሆነ» ብሎ ተስፋ መቁረጡ ነው ይበልጥ የጎዳው። አራቱ ዓመት ከንቱ አልነበረም፤ በኋላ እንደገና ሲተው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነበር።

ለቤተሰቦችም አንዲት ቃል አለችን። ባል ከመንገድ ሲገባ ልብሱን ማሽተት፣ ልጅን «አባትህ አጭሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ወደ መደበቅ ይገፋዋል። የሚደብቅ ሰው ደግሞ ብቻውን ነው የሚታገለው።

ወንድማችን በዚያው ማታ ካፈጠሩ በኋላ ሕልሙን ለባለቤቱ ነገራት። እርሷም ከሁለት ዓመት በፊት ሲጋራውን የተወ ሰሞን በእንቅልፉ ሲቃዥ ትሰማ እንደነበር፣ ነገር ግን እንዳያፍር ብላ ዝም እንዳለችው ገለጸችለት። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲሉ ዝም ብለው ከርመዋል።

ባለፈው ወር ደግሞ አግኝተነው ነበር። ቧሂት ላይ አብሮት የሚጓዝ ነጋዴ አንድ ፍሬ አውጥቶ ዘረጋለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ መለሰለት። ሐራራው ግን መጥቷል፤ ቁልቁለቱን ሁሉ ከበቅሎዋ ኋላ አብሮት ወረደ። መሸሃ ወንዝ ሲደርሱ ጭነቱን አስተካክሎ፣ በዚያ በረዶ በመሰለ ውኃ ዉዱእ አድርጎ ዙህርን ሰገደ። ሐራራው የት ላይ እንደቀረ ግን አላስተዋለም፤ ትዝ ያለው አምቢኮ ገብቶ በቅሎዋን ሲያራግፍ ነው።